«ደህና ናት» ብል ማን ይመነኝ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስልኬ የሚጮኸው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ቢቸና ውስጥ የሆነ ሰፈር ውሃ ሲጠፋ ነው። በሥራዬ የተተኩት ልጆች ጎበዞች ናቸው፤ ግን የድሮው ቧንቧ በየት በኩል እንደሚያልፍ ለማወቅ መሬት ከመቆፈር ይልቅ እኔን መጠየቅ ይቀላቸዋል። ሁለተኛው ሴት ልጄ ናት። ፍሬሕይወት የምትሠራው ሐዋሳ ነው። «ደህና ነኝ፣ አባባ» ስትለኝ ደስ አይለኝም። «ደህናውን ተይውና ምን እንዳማረረሽ ንገሪኝ» እላታለሁ። የቤት ኪራዩን፣ አለቃዋን፣ የጎረቤቷን ውሻ አማርራ ስትጨርስ ያን ጊዜ ልቤ ያርፋል። እናቷ አትጠገብ «ይህ ሰውዬ እርጅና ጀመረው» ትላለች። እርጅና አይደለም፤ ምክንያቱን እሷም ታውቀዋለች።

ከሠላሳ ዓመት በላይ የውሃ ቧንቧ ሠራተኛ ነበርኩ። የጀመርኩት ሞጣ ነው፣ ጋሽ አንለይ ሥር። ጋሽ አንለይ አጭር፣ ደረታቸው ሰፊ፣ ንግግራቸው ቁጥብ ሰው ነበሩ። ቧንቧ ፈነዳ ተብለው ሲጠሩ አይሮጡም። ቦታው ሲደርሱም መፍቻቸውን ከትከሻቸው ሳያወርዱ ቆመው ያያሉ። ከዚያ የብረት ዘንግ መሬት ላይ ተክለው ሌላውን ጫፍ ጆሯቸው ላይ ያደርጉታል። ውሃው ከመሬት ሥር የሚያፏጭበትን ቦታ የሚያገኙት በጆሯቸው ነው። እኔ ዘንጉን ስይዝ ለብዙ ወራት የምሰማው የራሴን የደም ምት ብቻ ነበር።

ቀዳዳው ከተገኘ በኋላ ደግሞ ሌላ ትዕግሥት አለ፤ ማድረቅ። ሰው ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ ቆሞ እያጉረመረመ እሳቸው ቧንቧውን በጨርቅ ይወለውሉታል፣ እፍ ይሉበታል፣ እንደገና ይወለውሉታል። «እርጥብ ላይ ምንም አይይዝም» ይላሉ። ከዚያ ቀዳዳውን የሚጠቀልሉበት ላስቲክ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ውስጠኛ ከመነዳሪ ይቆርጣሉ። ሲቆርጡ መቀሱ ሳይሆን ላስቲኩ ነው የሚዞረው፤ ጨርቅ የማያባክን ልብስ ሰፊ ይመስላሉ።

አንድ ጊዜ እሳቸው ለለቅሶ ገጠር ሄደው ሳለ ገበያው አጠገብ ያለው ትልቁ መስመር ማገጣጠሚያው ላይ ማንጠባጠብ ጀመረ። ቡሎኑን አጠበቅኩት። ባሰበት። ይበልጥ አጠበቅኩት። ብረቱ ተሰነጠቀና ሞጣ ውሃ አጣች። ሴቶቹ ጀሪካን አዝለው ወደ ምንጭ ሲወርዱ በአጠገቤ እያለፉ «እግዜር ይስጥህ» ይሉኝ ነበር፤ በምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነ ለጎጃም ሰው አልነግርም። ጋሽ አንለይ ሲመለሱ አልተቆጡኝም። የተሰነጠቀውን ብረት አገላብጠው አዩት።

«የሚያፈሰው ስለላላ ብቻ መሰለህ?» አሉኝ። «ስለተጨነቀም ያፈሳል። እንዲህ ያለውን መጀመሪያ አላላው።»

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ቢቸና ተዛወርኩ። አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ፤ አንዱ መኪና ይወዳል፣ አንዱ ስብሰባ ይወዳል። ደመወዙ ከወር ወር ያደርሳል ማለት ማጋነን ይሆናል። አትጠገብን ያገባሁት እዚያው ቢቸና ነው። ከተጋባን በኋላ ለብዙ ዓመት ልጅ አልመጣም። ጠበሉም፣ ሐኪሙም፣ የሰው አፍም ሰልችቶን ከተውነው በኋላ አረገዘች።

ምጡ ጠናባትና ሞጣ ሆስፒታል ወሰድናት። በኦፕራሲዮን ሴት ልጅ ወለደች። በነጋታው ነርሷ ሕፃኗን ስታገላብጣት የሰገራ መውጫ እንደሌላት አየች። የምትታከመው አዲስ አበባ እንደሆነ፣ ያውም ዛሬውኑ መሄድ እንዳለባት ተነገረን። አትጠገብ ደም ፈስሷት ቀና ማለት እንኳ አልቻለችም፤ አብራን መሄዷ የማይታሰብ ነበር። ልጅቷን አጠገቧ አስጠግተንላት ግንባሯን ሳመቻት።

«ይዘሃት ና» አለችኝ።

አምቡላንሱ ከሞጣ ተነስቶ በቢቸና ነው የሚያልፈው። በሰፈራችን ስናልፍ ጎረቤቶቻችን መንገድ ዳር ቆመው አየኋቸው። እጄን እንኳ አላነሳሁም፤ ሁለቱም እጆቼ ሕፃኗን ይዘዋል። ደጀን ወርደን፣ ዓባይን ተሻግረን አዲስ አበባ እስክንገባ ድረስ ትንፋሿን ከማዳመጥ በቀር ያደረግሁት ነገር የለም።

ሐኪሞቹ ሆዷ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ከፍተው አንጀቷን በዚያ አወጡት። ሰገራዋ ለጊዜው በዚያ ይወጣል፤ ስትጠነክር ዋናው መውጫ ይሠራላታል፣ ከዚያ የሆዷ ይዘጋል አሉኝ። እንዳሉትም ሆነ፤ ለቀጣዮቹ ኦፕራሲዮኖች ከእናቷ ጋር ሄደን ተመለስን። የመጀመሪያው ግን እንዲህ በቀላሉ አላለፈም። ቁስሉ አመረቀዘ፣ ቀጥሎ ሳንባዋ ታመመ፣ ትንሽ ሻል ሲላት ክብደቷ ቀነሰ። ዛሬ ነገ ሲባል እዚያው ከረምን።

ክፍሉ የእናቶች ነው። ወንድ አስታማሚ እኔ ብቻ ነበርኩ። ማደሪያዬ ኮሪደር ነው፤ ቀን ቀን እገባለሁ። እናቶቹ ሲያጠቡ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ፤ የዚያን ግድግዳ ስንጥቅ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ስገባ ወሬያቸው ይቋረጣል። እነሱም ተጨነቁ፣ እኔም ተጨነቅሁ። ካርዷ ላይ «የአትጠገብ ሕፃን» ተብሎ ነበር የተጻፈው። ፍሬሕይወት የሚለውን ስም ገና በሆዷ ሳለች ተስማምተንበት ስለነበር እኔ በዚያ እጠራታለሁ፤ ግን ከእኔ በቀር በዚህ ስም የሚጠራት ሰው አልነበረም።

ሆዷ ላይ የሚለጠፈውን ከረጢት ያስተማረችኝ ነርሷ ናት። በቀዳዳው ልክ ይቆረጣል፣ ቆዳዋ በሞቀ ውሃ ይጠረጋል፣ ከዚያ ይለጠፋል። እኔ ቸኩዬ ስለጥፈው ወዲያው ፈሰሰ።

«አባት፣ መጀመሪያ አድርቀው» አለችኝ። «ካልደረቀ አይጣበቅም።»

ጋሽ አንለይ ከሞጣ ተከትለውኝ የመጡ መሰለኝ። ያም ሆኖ አቃተኝ። ላስቲክ አያለቅስም፣ አይወራጭም፣ በነካኸው ቁጥር ቀይ አይሆንም። የሁለት ከተማ ውሃ ያቆመ እጄን በመዳፌ የምትያዝ ሆድ አሸነፈችው። ከለመድኩትም በኋላ ያለ ፍርሃት የለጠፍኩበትን ቀን አላስታውስም።

ከጎናችን ያለው አልጋ የዘሃራ ነበር። ዘሃራ የደሴ ሴት ናት፤ ወንድ ልጇ ጀርባው ላይ ዕጢ ይዞ ተወልዶ ኦፕራሲዮን ተደርጎለታል። የቆርቆሮው ወተት ፍሬን ሲያስመልሳት ስታይ እጇን ዘረጋች።

«አምጣት፣ ወንድሜ» አለችኝ። «የኔው አይጨርሰውም።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩና ልጄ ስትውጥ ሰማኋት። ከዚያ በኋላ በቀን በቀን ታጠባት ነበር።

ያን ጊዜ ሞባይል እንደዛሬ በየኪሱ አልነበረም። አትጠገብን እናቷ ከሞጣ ወደ ቢቸና መልሰዋታል። ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ስልክ ስለነበረው ለባለሱቁ ደውዬ እቀጥራለሁ፤ እሷን ደግፈው ያመጧታል። እኔ የምደውለው ከክፍሉ በር አጠገብ ካለው ስልክ ነበር።

«ደህና ናት» አልኳት መጀመሪያ ስደውል።

«ደህና ናት?»

«አዎ። ኦፕራሲዮኑም ተሳክቷል።»

«መቼ ትመጣላችሁ?»

«ሐኪሞቹ ሲፈቅዱልን።»

ዝም አለች። ድካም ነው ብዬ ተውኩት። በሌላ ጊዜም ስደውል እንዲሁ ዝም አለች፤ ያን ጊዜ ገባኝ። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው የሞተበት ሩቅ ከሆነ ታሟል ይባላል፣ ተሽሎታል ይባላል፤ አገሩ ሲገባ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማለዳ ነው የሚረዳው። ሁላችንም ለሰው ብለን እንዲህ ዋሽተናል። አትጠገብ ራሷ ለአክስቷ ልጅ «እናትሽ ደህና ናት» እያለች በዚያው ሱቅ ስልክ ስትዋሽ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ስለዚህ «ደህና ናት» ስላት የሰማችው ሌላ ነው። ልጇ ሞታለች፤ ባሏ ደግሞ ለእሷ አራስነት አዝኖ ደብቋታል።

ፍሬን አቅፌ ስልኩ ድረስ አመጣኋትና እግሯን ቆንጠጥ አደረግኋት። ጮኸች።

«ሰማሻት?» አልኳት።

«ሆስፒታል ውስጥ የሚያለቅስ ልጅ ሞልቷል፣ ሙላት» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ ከኋላዬ ሌሎችም እያለቀሱ ነበር። ማርያምን አልኳት። ሚካኤልን አልኳት። በሞተው አባቴ ማልኩላት።

«በሷ ማል» አለችኝ። «ፍሬ ትሙት በለኝ።»

ይህን ቃል በአገራችን ሰው ለአንድ ሲኒ ቡናም ይለዋል። ልጄ ትሙት፣ እናቴ ትሙት እያልን ነው የምንውለው። ያን ቀን ግን ልጄ ክንዴ ላይ ነበረች፤ ትኩሳቷ ሸሚዜን አልፎ ይሰማኛል፤ አፍንጫዋ ላይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ተለጥፏል። አፌን ከፈትኩ። ቃሉ አልወጣ አለኝ። እንደገና ሞከርኩ፤ አልቻልኩም።

«አየህ» አለችኝና ስልኩን ለባለሱቁ መለሰችለት።

ይህ ሳያንስ አቶ ስማቸው መጡ። የሰፈራችን እድር ዳኛ ናቸው፤ ለዓይናቸው ሕክምና አዲስ አበባ መጥተው ሊጠይቁን ጎራ አሉ። ፍሬን አዩዋት፣ ጣታቸውን አስያዟት፣ መረቋት። ምስክር አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ግቢ ውስጥ የሚዞር ፎቶ አንሺ ጠራሁና በነጭ ጨርቅ እንደተጠቀለለች አስነሳኋት። ብልጭታው አስደንግጧት ዓይኗን ጨፈነች። ሌላ አላስነሳሁም፤ እሱኑ አሳጥቤ ለአቶ ስማቸው ሰጠኋቸው።

በሰፈራችን መርዶ የሚያረዱት እሳቸው መሆናቸው ትዝ ያለኝ ከሄዱ በኋላ ነው። አውቶቡሳቸው ደጀን አድሮ ቢቸና ማለዳ ገባ። ደግ ሰው ስለሆኑ ሳያርፉ በቀጥታ ወደ ቤታችን ሄዱ። በማለዳ አቶ ስማቸውን ደጇ ላይ ያየች ሴት የሚናገሩትን ልትሰማ አትችልም። በዚያ ላይ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለች፣ ዓይኗን የጨፈነች ሕፃን ፎቶ ከኪሳቸው አወጡላት። እሳቸው «ኧረ ደህና ናት» እያሉ ሲምሉ ሰፈሩ ተሰበሰበ አሉ።

ክርስትና ላልተነሳች ሕፃን ልቅሶ አይቀመጡም። ስለዚህ አትጠገብ ጮኻ አላለቀሰችም፤ የሚያስለቅሳትም አልነበረም። ጎረቤት ሴቶች ፈትላቸውን ይዘው መጥተው አጠገቧ ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር። ጡቷ ደረቀ። እኔ ስደውል ባለሱቁ «አልመጣም ብላለች፣ ጋሽ ሙላት» ይለኛል፤ ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እግዜር ያጽናህ» ይለኛል። ልጄ ክንዴ ላይ ሆና እያዛጋች ሰው «እግዜር ያጽናህ» ሲለኝ፣ እኔስ አብጄ ይሆን ወይ ብዬ ፊቷን አያለሁ። ሐኪሞቹ በሕይወት እንዳለች ያውቃሉ፤ ግን የእነሱ አይደለችም። ከሚወዷት ሰዎች መካከል መኖሯን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እንደዚያ ብቸኝነት የከበደኝ ነገር ኖሮ አያውቅም። እኔ ብሞት ከእኔ ጋር የምትሞት መሰለኝ።

አንድ ቀን ጠዋት ስገባ የዘሃራ ልጅ አልጋው ላይ የለም። አልፏል። ዘሃራን በሩ አጠገብ ስልኩን ይዛ አገኘኋት። ባሏን እያናገረችው ነው።

«ደህና ነው» ትላለች። «አዎ፣ ደህና ነው። ሰሞኑን እንመጣለን።»

ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ቃሉ የእኔው ቃል ነው፤ አነጋገሩም የእኔው ነው። ከስልኩ ማዶ ብሆን የእኔን ከእሷ መለየት አልችልም ነበር። አትጠገብን ተቀይሜያት ነበር፤ ያን ጊዜ ቅያሜዬ ጠፋ። ዘሃራ ስልኩን ዘጋችና አየችኝ። ፍሬን ከእጄ ወሰደች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አጠባቻት፣ መለሰችልኝ። ከዚያ እቃዋን ይዛ ሄደች። አድራሻዋን አልጠየቅኋትም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ጋሽ አንለይ የተሰነጠቀውን ብረት ሲያገላብጡ ታየኝ። አትጠገብን በመሐላ አጥብቄ፣ በልጅቷ ለቅሶ አጥብቄ፣ በፎቶ አጥብቄ ነበር። በሚቀጥለው ስደውል ባለሱቁን «ስለ ልጅቷ ምንም አልላትም፤ የራሷን ቁስል ልጠይቃት ነው በላት» አልኩት። ቆይታ መጣች።

«ቁስልሽ እንዴት ነው?»

«ድኗል።»

«እኔ ግን መሮኛል» አልኳት። ላሳምናት ብዬ አልነበረም፤ የሚያጽናናኝ ሰው አጥቼ ነው። «ጨርቅ አልቆብኛል። ነጩን ጋቢ ቀድጄ ጨረስኩት። የማጥበውም አይደርቅም፣ ዝናብ ነው። ከረጢቱ ያፈሳል። ወተቱን ኮቴ ላይ ትተፋዋለች፤ ሰው አጠገቤ መቀመጥ ትቷል። ጥፍሯ አድጎ ፊቷን ቧጭራዋለች፣ ልቆርጠው ብዬ እጄ ፈራ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«ጋቢውን ቀደድከው?» አለችኝ።

«ቀደድኩት።»

«እናቴ የሰጠችህን?»

«እሱን።»

ትንፋሿ ይሰማኛል፤ ጆሮዬን ስልኩ ላይ ለጥፌ እሱን አዳመጥኩ።

«ጥፍሯን በመቀስ እንዳትነካው» አለችኝ በመጨረሻ። «ስትተኛ ጠብቀህ በጥርስህ ቁረጠው።»

አምና ነው ወይስ ምናልባት ብላ ነው፣ አላውቅም፤ እሷም አላውቅም ትላለች። ከዚያ በኋላ ስደውል መምጣት ጀመረች። እኔ አማርራለሁ፤ እሷ ታዳምጣለች። ስለ ልጅቷ ግን አንድም ቀን አልጠየቀችኝም።

ሐኪሞቹ ሲለቁን ሳልደውል ተነሳሁ። ቢቸና መናኸሪያ ወርጄ ፍሬን ደረቴ ላይ ሸፍኜ በእግሬ ሄድኩ። ሰው መንገድ ይለቅልኝ ጀመር። አንድ የማውቀው ነጋዴ «እግዜር ያጽናህ» ሊለኝ አፉን ሲከፍት ጨርቁ ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ አፉን መልሶ ዘጋው። ግቢያችን ውስጥ ሴቶች ተቀምጠዋል። ፊቴን ሲያዩ ተነሱ። በመካከላቸው አልፌ ገባሁ።

አትጠገብ መደቡ ላይ ነበረች። ከስታለች። አጠገቧ ተቀመጥኩና ሕፃኗን ዘረጋሁላት። እጇን አልዘረጋችም።

«ግለጣት» አለችኝ።

ገለጥኳት። መጀመሪያ ያየችው ፊቷን አይደለም፣ ሆዷንም አይደለም። ትንሿን እጅ አንስታ ጥፍሯን አየች፤ በጥርስ የተቆረጠ፣ ወጣ ገባ ያለ። አንድ በአንድ አየችው። ከዚያ ሆዷን አየች። ፍሬ ይህን ጊዜ ጠብቃ ይመስል ከረጢቱን ሞላችውና በጎን አፈሰሰችው። እጄ ከልማዱ ተነሳ።

«ተው» አለችኝ አትጠገብ። «እኔ።»

እንዴት እንደሚደረግ በአፌ ነገርኳት። አጣማ ቆረጠችው፣ ሳይደርቅ ለጠፈችው፣ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። እንደገና ቆረጠች፤ እንደገና ፈሰሰ። የሚያፈስ ነገር እያየሁ እጄን ሰብስቤ ተቀምጬ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ያዘላት። ልጅቷን ደረቷ ላይ አስተኝታ በእጇ ጀርባዋን መታ መታ ታደርግላት ጀመር። እኔን ማየት ትታለች።

ወደ ውጭ ወጣሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን አላለቀስኩም ነበር፤ ልጅቷን የሚያይልኝ ሰው አልነበረማ። ደጁ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ግቢ ውስጥ የነበሩት ሴቶች አዩኝ። የፈሩትን ከአባትየው ፊት ያገኙ መሰላቸው። አንዷ ጮኸች፣ ሌላዋ ደረቷን መታች፣ ሰፈሩ ቀለጠ። ላስቆማቸው ብዬ እጄን ባነሳ የባሰ አለቀሱ።

ያን ጊዜ ከቤት ውስጥ የአትጠገብ ድምፅ መጣ፤ ቁጣ ነበረበት።

«ምን ሆናችሁ? ዝም በሉ እንጂ። አሁን ገና ነው የተኛችልኝ።»